«ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው»?

ፒፔት፦ ትናንት አንድ ሰው እዚሁ «ለምርምር ብቻ ተብሎ የሚሸጠው፣ አጥንት የሚያበቅለው ቢኤምፒ-2 እና በቀዶ ጥገና አከርካሪ ላይ የሚገባው አንድ ፕሮቲን ነው፤ ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ታካሚ በከንቱ ይበዘበዛል» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ላይክ አደረገለት! እኔ ይህን ዱቄት በደካማ አሲድ ሳሟሟ ነው የምውለው። ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) ቶሎ ወደ 7 ካመጣሁት ይዘቅጥብኛል። ይሄንን ነው ሰው ገላ ውስጥ የምትጨምሩት?

ነገረኛው፦ «አንድ ሰው» እኔ ነኝ፤ በስሜ ጥሪኝ። 114 አሚኖ አሲድ ነው። ሁለት ሰንሰለት ሲጣመር 26 ኪሎዳልተን ገደማ። ሰንሰለቱ እዚያም እዚህም ያው ነው። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው።

የማታ ፈረቃ፦ ሰንሰለቱስ እሺ፣ ማን ሠራው? የመጀመሪያው የተፈቀደው ከሃምስተር ሴል ነው የሚወጣው፤ ስኳር ተለጥፎበታል። ላብራቶሪ ውስጥ የምናየው ብዙው ከኢ ኮላይ ነው። ባክቴሪያ ያን ስኳር አይለጥፍም። ፕሮቲኑም ተጨማዶ ነው የሚወጣው፤ ፈትተህ እንደገና ታጥፈዋለህ። ከባክቴሪያው የሚመጣውን መርዝ፣ ኢንዶቶክሲኑንስ ማን ያጣራልህ?

ነገረኛው፦ ኮሪያ ከኢ ኮላይ የተሠራውን ለሕክምና ፈቅዳለች። ኢንሱሊንስ ከየት መጣ? ምክንያትሽ ውሃ አያነሳም።

የማታ ፈረቃ፦ «ፈቅዳለች» አልክ እኮ! ተጣርቶ፣ ተመርምሮ፣ እያንዳንዱ ምርት ተፈትሾ ነው የሚፈቀደው። ወረቀት ያልከው እሱ ነው። ደግሞ ወንድ ነኝ።

ነገረኛው፦ ይቅርታ ወንድሜ። ወረቀቱማ! የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2002 ወረቀት ሰጠው። በ2008 ግን አንገት ላይ ሲገባ ጉሮሮ እያበጠ ትንፋሽ ይዘጋል ብሎ ያስጠነቀቀው ያው ኤፍዲኤ ነው። አምራቹ የደገፋቸው 13 ጥናቶች 780 ታካሚ ላይ ከፕሮቲኑ የመጣ ጉዳት አላየንም አሉ። በ2011 ጉዳዩ ሲፈተሽ ሌላ ነገር ወጣ። ወረቀቱ ማንን አዳነ?

አጥንት ጠጋኝ፦ አንገት ላይ መች ተፈቀደና! በ2002 የተፈቀደው ወገብ ላይ፣ ያውም በፊት በኩል ከሚገባ የብረት ቋት ጋር ነበር። አንገት ላይ የጨመሩት ሐኪሞች ከወረቀቱ ወጥተው ነው። አየህ፣ ራስህን በራስህ ጠለፍክ።

ነገረኛው፦ እና 13ቱ ጥናቶች?

አጥንት ጠጋኝ፦ እነሱ ያሳፍራሉ። በ2013 ሁለት ገለልተኛ ቡድኖች መረጃውን እንደ አዲስ አይተው ከታካሚው ከራሱ ዳሌ ከሚወሰደው አጥንት ያን ያህል አይበልጥም ብለዋል። እኔ ለኩባንያው ጠበቃ አይደለሁም። ተመርምሮም እንዲህ ከሆነ፣ ያልተመረመረው ምን ሊሆን ነው?

ፒፔት፦ መጠኑንም እዩት እንጂ። እኔ ሴል ላይ በናኖግራም ነው የምሠራው። ሴሉ ወደ አጥንት ሴል መለወጡን የሚያሳየው ኢንዛይም፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ ከፍ ካለልኝ ሥራዬ አለቀ። ቀዶ ጥገና ላይ በሚሊ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ያውም ኮላጅን ስፖንጅ ውስጥ ተነክሮ። ከስፖንጁ አፈትልኮ ከወጣ አጥንት በማይፈለግበት ቦታ ይበቅላል።

ነገረኛው፦ በማይፈለግበት ቦታ ማብቀሉ እኮ ነው ፕሮቲኑን ያስገኘው! አሜሪካዊው ሐኪም ኡሪስት በ1965 ማዕድኑ የወጣለትን አጥንት ጡንቻ ውስጥ ባይቀብር ኖሮ ዛሬ ፒፔት ሥራ የላትም ነበር።

ፒፔት፦ ኡሪስት የቀበረው እንስሳ ላይ ነው። አንተ ከአክስትህ ወገብ ልትጀምር ነው?

ነገረኛው፦ አክስቴን ተዪያት።

ዝም ባይ፦ እኔ እስካሁን ያልገባኝ፣ ለምን ነው ላይክ ያደረግነው?

የማታ ፈረቃ፦ አንተም አድርገህ ነበር?

ዝም ባይ፦ የዋጋው ነገር አናዶኝ ነው።

ነገረኛው፦ ይኸው! ዋጋው ላይ አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም።

ፒፔት፦ ስለ ዋጋ ከሆነ ሌላ ክርክር ክፈት። ይሄኛው የወረቀት ነው።

ነገረኛው፦ ወረቀት አይደል ውድ ያደረገው?