ከ200 ባር አላልፍ ያለ ርካሽ የአየር ጠመንጃ ኮምፕሬሰር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

የተከበራችሁ አባላት፣ የአየር ጠመንጃዬን እና አንድ 6.8 ሊትር የሚይዝ የካርቦን ፋይበር ሲሊንደር ለመሙላት፣ ባለ ሁለት ደረጃ (አየሩን በሁለት ፒስተኖች ተራ በተራ የሚጨምቅ)፣ በውሃ የሚቀዘቅዝና ዋጋው አነስተኛ የሆነ ኮምፕሬሰር ገዝቼ ለስምንት ወር ተጠቅሜበታለሁ። መጀመሪያ ላይ ያለ ችግር 300 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያደርስ የነበረው ማሽን አሁን 200 ባር አካባቢ ሲደርስ የማኖሜትሩ (የግፊት ማሳያው) ቀስት እዚያው ይቆማል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ድምፁም እንደ ቀድሞው ነው፣ ግፊቱ ግን አይጨምርም። በዘይት ማያ መስታወቱ በኩል ስመለከት ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። ሙቀቱም በ15 ደቂቃ ውስጥ 75 ዲግሪ ይደርሳል። እስካሁን የውሃ ማስለቀቂያ ብሎኖቹን (ከታመቀው አየር የሚወጣው እርጥበት የሚፈስባቸውን) የምከፍተው ሥራው ሲያልቅ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ማሽኑን ከመፍታቴ በፊት ምን ልፈትሽ? የትኛውን ዘይትስ ልጠቀም?

መልስ፣ ከአንድ የጥገና ባለሙያ

ሦስቱን ምልክቶች ለየብቻ አይመልከቷቸው፤ አንዱ ሌላውን የወለደ ይመስለኛል። ዘይት የሚነጣው ውሃ ሲገባበት ነው፤ ውሃ የገባበት ዘይት ደግሞ በፒስተኑና በማሽኑ የውስጥ ሲሊንደር ግድግዳ መካከል ሊኖር የሚገባውን ሽፋን ስለሚያጣ ፋሻዎቹ (ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች) በፍጥነት ይበላሉ። የሁለተኛው ደረጃ ፒስተን እንደ ጣት ቀጭን ስለሆነ፣ በፋሻው ላይ የሚደርስ ጥቂት መበላት እንኳ አየሩ ወደ ኋላ እንዲያመልጥ ያደርጋል። በዚያ ጊዜ ማሽኑ የሚጨምቀውና የሚያመልጠው አየር እኩል ይሆኑና ቀስቱ ባለበት ይቆማል።

ከመፍታትዎ በፊት ግን ጥፋቱ ከማሽኑ ውጭ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ሲሊንደሩን ያላቅቁና የቱቦውን ጫፍ ለግፊቱ በተሠራ መድፈኛ ይዝጉ፤ ከዚያም ማሽኑን ያስነሡ። እጅዎ ከማጥፊያው አይራቅ፤ በውስጡ ያለው ቦታ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ጤነኛ ማሽን በጥቂት ሴኮንዶች 300 ባር ሊደርስ ይችላል። በዚህ ሁኔታም 200 ላይ ከቆመ ጥፋቱ በማሽኑ ውስጥ ነው። ያለ ችግር ከወጣና ካጠፉት በኋላ ከወረደ ግን የሚያፈስ መገጣጠሚያ፣ ማስለቀቂያ ብሎን ወይም ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ይፈልጉ፤ የሳሙና ውሃ ቀብተው አረፋ የሚያወጣውን ቦታ ያገኙታል። ያገኙትን መገጣጠሚያ ግፊት እያለበት ፈጽሞ አያጥብቁ። አየሩን ሙሉ በሙሉ ያስለቅቁ፣ ቀስቱ ዜሮ መሆኑን ይመልከቱ፣ ከዚያ በኋላ ቁልፍ ያንሡ።

በዚሁ ፈተና ላይ የማቀዝቀዣው ውሃ የሚመላለስበትን ባልዲም ልብ ይበሉ። ከመመለሻው ቱቦ አረፋ የሚወጣ ከሆነ የቴስታታው (ፒስተኖቹ ያሉበት ክፍል ክዳን) ኦሪንግ ተበልቶ የታመቀ አየር ወደ ውሃው እየገባ ነው ማለት ነው። አረፋ ከሌለ ዘይቱን ያነጣው ከአየሩ የወጣው እርጥበት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

መልስ፣ ከሌላ አባል

ስለ እርጥበቱ ቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥሩን ያየ ሰው ማስለቀቂያውን አይረሳምና። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው ውሃ 17 ግራም ያህል ነው፤ አንጻራዊ እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ በውስጡ 10 ግራም ያህል አለ። የእርስዎን 6.8 ሊትር ሲሊንደር ከባዶ እስከ 300 ባር ለመሙላት ወደ 2 ሜትር ኩብ አየር ይገባል፤ ከዚያ አየር ጋር 20 ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይመጣል። የታመቀው አየር ሲቀዘቅዝ በእንፋሎት መልክ ሊይዝ የሚችለው ግን ከግማሽ ግራም ያነሰ ነው። የቀረው በሙሉ ፈሳሽ ይሆናል፤ ካላስለቀቁትም ወደ ዘይቱ፣ ወደ ማጣሪያው፣ በመጨረሻም ወደ ጠመንጃው ይሄዳል። በጠመንጃው ውስጥ የገባ ውሃ የግፊት መቆጣጠሪያውን (የሬጉሌተሩን) እና የቫልቩን ብረት ያዝጋል፣ ጉዳቱም የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ ማስለቀቂያውን በሥራው መጨረሻ አንድ ጊዜ መክፈት አይበቃም። እኔ በየ3 እስከ 5 ደቂቃ ሁለቱንም ብሎኖች ለጥቂት ሴኮንድ እከፍታለሁ፤ እርጥበት በሚበዛበት ወቅት ደግሞ በየ2 ደቂቃ። ሲከፈት የሚወጣው ነጭ ጉም ውሃና ዘይት ስለሆነ ፊትዎን ያርቁ፣ የዓይን መከላከያም ያድርጉ።

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ትንሽ የጥጥ ማጣሪያ ጠብታውን ይይዛል እንጂ እንፋሎቱን አይመጥም። ከእርሱ ቀጥሎ ሞለኪውላር ሲቭ የሚባሉት መጣጭ ፍሬዎች የተሞሉበት ረዘም ያለ ማጣሪያ ቢጨምሩ ልዩነቱን ያዩታል፤ ማጣሪያው ቀጥ ብሎ ይቁም፣ አየሩም ከታች ገብቶ ከላይ ይውጣ። ፍሬዎቹ የሚመጥጡት መጠን የተወሰነ ስለሆነ ቅድሚያ ለማስለቀቂያው ይስጡ። ጥጡ ቢጫ ሆኖ ካገኙት ዘይት እያለፈ ነው።

መልስ፣ ስለ ዘይት

በርካታ ተጠቃሚዎች 46 ቁጥር (ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ያመለክታል) ሃይድሮሊክ ዘይት ይጠቀማሉ፣ አምራቾችም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ያዝዛሉ። ዘይቱ በየጊዜው የሚለወጥ ከሆነ ይሠራል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ የተጠቀምኩት እርሱን ነው። ደረጃው ከማያ መስታወቱ እኩሌታ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይሁን፤ ሲበዛ ከአየሩ ጋር ወደ ማጣሪያው ይወጣል። አዲስ ማሽን ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት በኋላ ዘይቱ ይለወጥ፤ ከዚያ ወዲያ በየ10 ሰዓቱ እለውጣለሁ። ከነጣ ግን ሰዓቱን አልጠብቅም።

መልስ፣ ስለዚሁ ጉዳይ ከጥገና ባለሙያው

በዚህ ላይ በከፊል አልስማማም። 300 ባር በሁለት ደረጃ ሲከፈል እያንዳንዱ ደረጃ አየሩን 17 ጊዜ ያህል ይጨምቀዋል። ማቀዝቀዣ ፈጽሞ ባይኖር በዚህ መጠን የተጨመቀ አየር በስሌት ወደ 390 ዲግሪ ይጠጋል፤ የተለመደ ማዕድናዊ ሃይድሮሊክ ዘይት ደግሞ እንፋሎቱ እሳት መያዝ የሚጀምረው ከ200 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ውሃው ሙቀቱን ስለሚወስድ ሁልጊዜ ወደዚያ አይደረስም፤ ሆኖም በቫልቩ ዙሪያ ዘይቱ ተቃጥሎ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱም ቫልቩ በደንብ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ለከፍተኛ ግፊት ኮምፕሬሰር የተዘጋጀ ሲንተቲክ ዘይት ዋጋው ቢበልጥም ቅርፊቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ በዚህ መጠን ላለ ማሽን የሚያስፈልገውም ጥቂት ስለሆነ ወጪው አያስቆጭም። የመኪና ሞተር ዘይት ግን አይጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው የማጽጃ ቅመም ውሃውን ከዘይቱ ጋር ስለሚያዋህደው ነጭነቱ ይብሳል።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጠመንጃው የመሙያ ቦታና በኦሪንጎቹ ላይ የማዕድን ዘይት ወይም ተራ ግሪስ አይቀቡ፤ በድንገት የገባ የታመቀ አየር ሊያቀጣጥለው ይችላል። ለዚያ የሚሆነው ሲሊኮን ግሪስ ነው። ጠመንጃን ከኦክስጅን ሲሊንደር መሙላትም ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ ፈጽሞ አይሞከር።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ቱቦውን ዘግቼ ስሞክር ያው 200 ላይ ቆመ፤ በባልዲው ውስጥ አረፋ አልነበረም። አየሩን አስለቅቄና መሰኪያውን ነቅዬ ቴስታታውን ስከፍት የሁለተኛው ደረጃ ቫልቭ በጥቁር ቅርፊት ተሸፍኖ፣ ፋሻዎቹም በአንድ ወገን ተበልተው አገኘኋቸው። ፋሻዎቹንና ኦሪንጎቹን ለውጬ ቫልቩን በማሟሚያ ፈሳሽ አጥቤዋለሁ። ልገጥመውና ወዲያው በግፊት ልሞክረው አስቤያለሁ፤ ይቻላል?

መልስ፣ ከጥገና ባለሙያው

እባክዎን አይቸኩሉ። የማሟሚያው እንፋሎት በውስጡ ቀርቶ አየር ቢታመቅበት ሊፈነዳ ስለሚችል ዕቃዎቹ እስኪደርቁ ይጠብቁ። የቴስታታውን ቡሎኖች በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመስቀልያ እየተፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ያጥብቋቸው። ክራንኩ (ፒስተኖቹን የሚነዳው ዘንግ) ባለበት ክፍል የቀረው ነጭ ዘይት እንዲወጣ ጥቂት አዲስ ዘይት ጨምረው ያዙሩት፣ ያንንም ይድፉትና እንደገና ይሙሉ። ከዚያ ሁለቱን ማስለቀቂያዎች ከፍተው ያለ ግፊት 20 ደቂቃ ያህል ያሠሩት፤ ቀጥሎ እስከ 100 ባር፣ ካረፈ በኋላ እስከ 200 እያሉ ይውጡ። ሙቀቱ 65 ዲግሪ ሲደርስ ያጥፉት። ሲሊንደሩን ሁልጊዜ በየመካከሉ እያረፉ ይሙሉት፤ እነዚህ ማሽኖች የተሠሩት ለአጭር ሥራ እንጂ ለተከታታይ ሥራ አይደለም።

መልስ፣ ስለ ሲሊንደሩ

የሲሊንደሩ የሥራ ግፊትና የመጨረሻ ፍተሻ ቀን በላዩ ተጽፏል። በብዙ አገሮች ደንብ በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተሻል፤ ጊዜው ያለፈበትን ወይም ፋይበሩ የተቆረጠበትን አይሙሉት። ከዚህ ማሽን የሚወጣውን አየር ማንም እንዳይተነፍሰው፤ የዘይት ጭስ አለበት። ባልዲና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ስለሆኑም የመሬት ሽቦ ያለው መሰኪያና በቂ ውፍረት ያለው ማራዘሚያ ይጠቀሙ።

የጠያቂው የመጨረሻ ምላሽ

በታዘዝኩት መሠረት ሠርቼ ትናንት ማሽኑ 300 ባር ደረሰ። ሲሊንደሩን ከ200 ጀምሮ በሦስት ዙር ሞላሁት፤ ሙቀቱ ከ62 ዲግሪ አላለፈም። ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ወደ 285 ወረደ፤ ይህ መፍሰስ ይሆን?

መልስ

አይደለም። ሲሞላ የሞቀው አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። በማግሥቱም 285 ላይ ካገኙት ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው። ማሽኑን ሲያቆሙ መጀመሪያ ማስለቀቂያዎቹን ይክፈቱ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የውሃ ፓምፑ ለ5 ደቂቃ ይቀጥል፤ ከዚያ በውስጡ የቀረውን ውሃ አፍስሰው ብሎኖቹን ክፍት አድርገው ያስቀምጡት።