ከትምህርት በኋላ እኔ ጋ ለሚቆዩ ልጆች የጋራ ጨዋታ ጠቁሙኝ (ደብረ ብርሃን)

የጠባሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ሥራ ቶሎ የማይለቃቸው ወላጆች ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲወጡ እኔ ጋ ይተዋቸዋል። ዘጠኝ ተኩል ገደማ ይመጣሉ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም እስኪጨልም ይቆያሉ። ከኬጂ እስከ አምስተኛ ክፍል ድብልቅ ናቸው። አንዳንድ ቀን አሥራ አምስት፣ አንዳንድ ቀን ሃያ ይሆናሉ።

መክሰስ ይበላሉ፣ የቤት ሥራ ይሠራሉ። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቴሌቪዥን ከከፈትኩ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ለእኔማ ዕረፍት ነው። ግን አንዷ እናት "ይሄንን ቤትም ያየዋል እኮ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ኳስ ስሰጣቸው ደግሞ ትልልቆቹ ወንዶች ግቢውን ይወርሱታል። ሴቶቹና ሕፃናቱ ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ። በሙዚቃ እየዞሩ ወንበር የሚሻሙበትንም አጫውቻቸዋለሁ። መጀመሪያ የሚወጣው ሁሌ ያው ትንሹ ልጅ ነው። ጥግ ይይዛል፣ ያኮርፋል፣ ከዚያ ለቅሶ።

ግቢዬ ጠባብ ነው። ግማሹ ሲሚንቶ፣ ግማሹ አፈር። የከተማችንን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አሥር ሰዓት ካለፈ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ለዕቃ የማወጣው ገንዘብም የለኝም። ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ የሚያጫውት ምን አለ?

መምህሩ ከመሐል ሜዳ፦

እህቴ፣ እንደምን አለሽ። እኔ ታችኛ ክፍል ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ልጆች ጫጫታ ብትጠይቂኝ አላፍርም።

ወንበሩን ለልደት ቀን ተይው። የተሸነፈውን ልጅ የሚያስወጣ ጨዋታ እንዳንቺ ላለ ቤት አይመችም። የወጣ ልጅ ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ ልጅ ወይ ያለቅሳል ወይ የጎረቤቱን ፀጉር ይጎትታል። የተነካው፣ የተያዘው ልጅ ወዲያው ሌላ ሥራ የሚያገኝበትን ምረጪ። የኛ የድሮ ጨዋታዎች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው።

በ"መሀረቤን ያያችሁ" ጀምሪ። ክብ ሠርተው ይቀመጡ። ሲሚንቶው ላይ ግን በባዶው እንዳይሆን፤ ማዳበሪያ ወይም ያረጀ ዝተት አንጥፊላቸው፣ እንዳይበርዳቸው። አንዱ ጨርቅ ይዞ ከኋላቸው እየዞረ "መሀረቤን ያያችሁ?" ይላል፤ እነሱ "አላየንም!" ይላሉ። ሳይታይ አንዱ ጀርባ ጣል ያደርጋል። የተጣለበት ልጅ ጨርቁን አንስቶ ያባርረዋል፤ ጣዩ ቀድሞ ባዶዋ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ተረኛው አባራሪው ነው። ከጨዋታው የሚወጣ የለም። ታዲያ ሁለት ሕግ ጨምሪበት። አንደኛ፣ ጨርቁ የሚጣለው ገና ላልሮጠ ልጅ ብቻ ነው፤ አለዚያ ጓደኛሞች እየተቀባበሉ ሌላው ሲያጨበጭብ ይመሻል። ሁለተኛ፣ ከሦስተኛ ክፍል በላይ ያለ ሁሉ የሚሮጠው በአንድ እግሩ እየዘለለ ነው። ያኔ የኬጂዋ ልጅ አምስተኛ ክፍሉን ቀድማ ስትቀመጥ ታያለሽ። የሷን ፊት ብቻ ሳይሆን የሱንም ፊት እዪው።

ቀጥሎ የሰንሰለት አባሮሽ። አንዱ ያባርራል። የያዘው ልጅ እጁን ይይዘውና ሁለት ሆነው ያባርራሉ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት። ሰንሰለቱ ተበጥሶ የተያዘ ልጅ አይቆጠርም። ለዚህ እንዲያውም ጠባብ ግቢ ይሻላል፤ ሰፊ ሜዳ ላይ አያልቅም። ትንንሾቹን ከሰንሰለቱ መሀል አድርጊያቸው። ሰንሰለቱ ሲታጠፍ ጫፍ ላይ ያለው ይወረወራል፤ ክርኑ የሚላጠው እሱ ነው።

ሌባና ፖሊስም አለ። የታሰረውን ሌባ ጓደኛው ሮጦ ነክቶ እንዲያስፈታው ፍቀጂ። እስረኞቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከእስር ቤቱ ወደ ውጭ እንዲዘረጉም ፍቀጂ፤ የመጨረሻውን ጣት የነካ ሁሉንም ያስፈታል። ታስሮም መንጠራራት ስላለ ማንም አይሰለችም።

ድብብቆሽ ካጫወትሽ፣ ሽንት ቤቱና የውኃ በርሜሉ አካባቢ ክልክል ነው። ይሄን በቁጣ ንገሪያቸው። የውጭ በሩም ይቆለፍ።

ኳሱን ደግሞ በካልሲ ኳስ ለውጪው። መስኮት አይሰብርም፣ ቢመታም አያምም። እኛ መንዝ የበግ ጠጉር አናጣም፤ ጠጉር ጠቅጥቀሽ ከሰፋሽው ለብዙ ጊዜ ይበቃል። ጨርቅም ይሆናል። ሁለት ልጆች ከዚህና ከዚያ ሆነው ይወርውሩ፣ የቀሩት መሀል ሆነው ይሽሹ። የተመታው ወርዋሪ ይሆናል፣ ወርዋሪው መሀል ይገባል።

የሮቢት ልጅ፦

ጋሼ ሁሉንም ሩጫ አደረጉት! እናንተ ደጋዎቹ ለመሞቅ ትሮጣላችሁ፤ እኛ ሸዋ ሮቢት ላይ ዘጠኝ ሰዓት የሚሮጥ ልጅ ካየን ውኃ ነው የምናቀርብለት። ጥላ ሥር ያደግን ሰዎች ቁጭ ብለው የሚጫወቱትን ጨዋታ እናውቃለንና እሱን ልጨምር።

አፈሩ ላይ ገበጣ ቆፍሪላቸው። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ። በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር፤ በጠቅላላ 48። ጠጠሩን ራሳቸው ይልቀሙ፣ ያውም አንድ ጨዋታ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚጫወተው እንዳይመስልሽ። በቡድን አድርጊው፤ በየቡድኑ ትልቅና ትንሽ ቀላቅይ። ትልቁ የቱን ጉድጓድ እንደሚያነሱ ያማክራል። ጠጠሩን በየጉድጓዱ አንድ አንድ እያለ የሚጥለው ግን ትንሹ ብቻ ነው። የወንድሜ ልጅ መደመር የገባው በዚህ ነው፤ ደብተር ላይ እምቢ ብሎን ነበር።

ሲመሽና ቤት ስትገቡ ደግሞ እንቆቅልሽ። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልህ!" መልሱ ሲጠፋ "አገር ስጠኝ" አይደል የሚባለው? እዚያ ላይ ከሰሜን ሸዋ ውጭ አገር መስጠት ክልክል በይ። አንኮበርን ይስጡ፣ ሞላሌን፣ እነዋሪን፣ ሰላ ድንጋይን፣ ዓለም ከተማን። አንዴ የተሰጠ አገር አይደገምም። ጫጫና ደብረ ሲና ሲያልቁባቸው ቤታቸው ሄደው አባታቸውን መጠየቅ ይጀምራሉ። ሸዋ ሮቢትን ግን በነፃ እንዳትሰጡብኝ።

የሁለት ልጆች እናት (ደብረ ሲና)፦

መምህር ያሉት ሁሉ ተስማምቶኛል። እኔ በወላጅ በኩል ላውራ።

ከምንም በፊት ዩኒፎርሙን አስወልቂ። "እያንዳንዱ ልጅ አሮጌ ሹራብ እኔ ጋ ያስቀምጥ" በይ። ዩኒፎርሙ ጭቃ ሆኖ ሲመጣ ማታ አጥቤ፣ እሳት ዳር ሰቅዬ፣ ጠዋት እርጥቡን የማለብሰው እኔ ነኝ። ሌላው፣ ወላጅ ከመድረሱ በፊት ሩጫውን አቁሚ። ላቡ ሳይደርቅ ወደዚያ ነፋስ የወጣ ልጅ ይበርደዋል። የሮቢቱ ልጅ ያለው እንቆቅልሽ ለዚያች ሰዓት ጥሩ ነው።

ታኅሣሥ ሲደርስ ልጆቹ ገና እንጫወት ማለታቸው አይቀርም። በዚያ ጠባብ ግቢ ዱላ ይዘው ሩር ሊያሳድዱ? እንዳትሞክሪው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ቢባልም ወላጅ ይቆጣል። ሜዳ ላይ ከአባቶቻቸው ጋር ይጫወቱት። ለቡሄ ጅራፍም ያው ነው።

ለሴቶቹ ሱዚን አትርሺ። የሚለጠጥ ገመድ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ልብስ ሰፊ ጋ ትርፍራፊ ላስቲክ አይጠፋም። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ ላይ ይወጠራል። የሳተችው ገመድ ትይዛለች፤ ያው መምህር እንዳሉት ነው፣ ማንም ሥራ አይፈታም። ወንዶቹንም አስገቢያቸው። የኔው ልጅ መጀመሪያ "የሴት ነው" አለ፤ አሁን እህቱን አላዘልል ብሏል።

የጠባሴዋ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! መሀረቤን ዛሬውኑ አጫወትኳቸው። ትንሹ ልጅ አባቱ ሲመጣ "ቆይ ተራዬ ነው" ብሎ አልሄድም አለ። እኔ ጋ እንደዚያ ብሎ አያውቅም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን ላስቸግርዎት። አምስተኛ ክፍል የሆነ ጎረምሳ ቢጤ አለ። "የሕፃን ጨዋታ ነው" ብሎ ግንብ ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹም እሱን እያዩ ሊነሱ ነበር። እሱን ምን ላድርገው?

መምህሩ ከመሐል ሜዳ፦

እሱን ልጅ አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ አንድ ይመጣልኝ ነበር።

አትለምኚው፣ አትቆጪውም። ፊሽካ ስጪውና ዳኛ አድርጊው። ሕጉን ለትንንሾቹ የሚያስረዳው እሱ ይሁን፤ ሰንሰለቱ ተበጠሰ አልተበጠሰም የሚለውን እሱ ይፍረድ። ግንቡን ለቆ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ዳኛ ተቀምጦ አይታየውም። ሁለት ሦስት ዙር ከነፋ በኋላ እግሩ ራሱ ይገባል። ደግሞ የቤት ሥራ ስጪው፤ አያቱ በልጅነታቸው ምን ይጫወቱ እንደነበር ጠይቆ አንድ ጨዋታ ይዞ ይምጣ። ያመጣውን እሱ ያስተምር፣ አንቺም አብረሽ ተማሪ። የሕፃን ነው የሚለው ወሬ እዚያ ላይ ያበቃል።

ፊሽካውን ግን በየቀኑ አቀያይሪው። አንዱ ጋ ከከረመ ራሱን ርእሰ መምህር ያደርጋል።

የሮቢት ልጅ፦

ፊሽካውንም አፍ ለአፍ ሲቀባበሉት እጠቢው እንጂ። ጉንፋኑን ሁሉ እሱ ነው የሚያዳርሰው።