ለሶፍትዌር ማከፋፈያ ፕሮክሲ ሰርቨር፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ በየኮሌጆቻችን የኮምፒውተር ክፍሎች ያንኑ ዝማኔ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለየብቻው ከውጭ እያወረደ መስመሩን ያጨናንቀዋል። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ በየኮሌጁ አንድ ፕሮክሲ ሰርቨር (በኮምፒውተሮቻችንና በውጭው መረብ መካከል የሚቆም አገናኝ ኮምፒውተር) መትከል ነው፤ ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ላይ አፕት-ካቸር-ኤንጂ የተባለ ፕሮግራም ተጭኖ አንዴ የወረደውን ፓኬጅ (የሶፍትዌር ጥቅል) ለሁሉም ያድላል። ረቂቁን አብረን እናዳብረው።

የደሴ አባል፦
እደግፋለሁ። ዲስኩን ሰፋ አድርጉት፤ ደቢያንም ሌላው የሊኑክስ ሥርዓት ኡቡንቱም ባለበት ክፍል ቶሎ ይሞላል። ሌላው ችግር፣ አንዳንድ ኮምፒውተሮቻችን «የፓኬጅ ዝርዝሩ ገና አልጸናም» እያሉ ዝማኔ አይቀበሉም። ሰርቨሩ የራሳችን ከሆነ የፊርማ ማረጋገጫውን አጥፍተን ብንገላገልስ?

የሐዋሳ አባል፦
እህቴ፣ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የፓኬጆቹ ዝርዝር በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጠ ነው፤ ኮምፒውተሩ የወረደውን ፋይል በዝርዝሩ ላይ ካለው አሻራ (ከፋይሉ ይዘት ከተሰላ መለያ) ጋር ያመሳክራል። ሰርቨራችን በሌላ እጅ ቢወድቅ እንኳን የተበከለው ፓኬጅ ደጃፍ ላይ ይመለሳል። ማረጋገጫውን ካጠፋን ግን ሰርቨሩን የያዘ ሰው ክፍሉን በሙሉ ያዘ ማለት ነው።

ፊርማውም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ፓኬጆቹን በሚያወርደውና በሚጭነው ፕሮግራም በራሱ በአፕት ላይ የተገኘው የደኅንነት ቀዳዳ፣ በመለያ ቁጥሩ ሲቪኢ-2019-3462፣ በመካከል የቆመ አጥቂ የራሱን ፓኬጅ እንዲያስጭን ያስችል ነበር። ጥገናው ሲወጣ ደቢያን ያዘዘው ጊዜያዊ ጥንቃቄ አንዳንድ ፕሮክሲዎችን አላሠራ እንደሚል አብሮ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹ በክፉ ቀን ፕሮክሲውን አልፈው በቀጥታ የሚያወርዱበት መንገድ በረቂቁ ይጻፍ።

አንቺን ያስቸገረሽ ደግሞ ፊርማው ሳይሆን ሰዓቱ ይመስለኛል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀ ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የዛሬው ዝርዝር ለእሱ ገና ያልደረሰ የነገ ወረቀት ነው።

የደሴ አባል፦
እውነት ነው፣ የሚያስቸግሩት አሮጌዎቹ ናቸው! ጥያቄዬን አንስቻለሁ። ታዲያ ያው ሰርቨር ሰዓትም ያድልልን።

የጅማ አባል፦
በዚህ እስማማለሁ። ፕሮክሲው የሚያገለግልበት በር፣ ፖርት 3142፣ ለውስጥ መረብ ብቻ ይከፈት፤ ለውጭ የተተወ ፕሮክሲ የማንም መተላለፊያ ይሆናል። የአስተዳደር ገጹ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ ያለ ምስጠራ ስለሚተላለፍ ግን በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት ግንኙነት) በኩል ብቻ ይገባበት።

ጸሐፊ፦
እንዲህ አስገብቼዋለሁ፦ «ማኅበሩ በየኮሌጁ ለውስጥ መረብ ብቻ የተከፈተ፣ ሰዓትም የሚያድል የፓኬጅ ፕሮክሲ ይተክላል። የፊርማ ማረጋገጫ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አይጠፋም። በአደጋ ጊዜ ፕሮክሲውን ማለፊያ መመሪያ በጽሑፍ ይቀመጣል።» የማዘርቦርድ ሲአር2032 ባትሪዎች ወጪ ከዲስኩ ጋር በበጀቱ ይያዛል። እያንዳንዱ ኮሌጅ ሰዓታቸው የሚመለስ ኮምፒውተሮችን ቆጥሮ ለሒሳብ ሹማችን ይላክ።