ልጆቹ በዙ፣ መንገዱ ግን ያው ነው። ምን ይሻላል?

ዳገት_ወጪ

ሰላም ለሁላችሁ። በፈቃደኝነት የልጆች የተራራ ብስክሌት ቡድን ማሰልጠን ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ስንጀምር 11 ልጆች ነበሩ፣ ዘንድሮ 63 ደርሰዋል። ከምር ደስ ይላል። ያን ሁሉ ልጅ ስልኩን አስቀምጦ ጫካ ሲገባ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። መንገዱ ግን አልጨመረም። እግረኛውም፣ ሯጩም፣ ውሻ የያዘውም፣ ፈረስ የሚጋልበውም የሚጠቀምባት ያችው አንዲት ቀጭን መንገድ ናት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም።

ባለፈው ማክሰኞ የ13 ዓመት ልጃችን ቁልቁል ወርዶ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ፣ ምርኩዝ ይዘው ወደ ላይ ከሚወጡ አዛውንት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ፍሬን ያዘ፣ የኋላ ጎማው ተቆለፈ፣ እየተንሸራተተ ሄዶ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። አልነካቸውም። እሳቸው ግን ሊሸሹ ሲሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቁ፣ ምርኩዛቸውም ተንከባሎ ወረደ። ልጁ ሮጦ አመጣላቸው። ሲሰጣቸው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውየው አንድ ቃል ሳይናገሩ ተቀብለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን መንገዱ ለብስክሌት ይዘጋ የሚል ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። አንዳንድ ወላጆች ደግሞ ምዝገባ አቁም ይሉኛል። የመጣን ልጅ መመለስ አልፈልግም። እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያዋጣችሁ መላ ካለ ንገሩኝ።

ሁለት_ጎማ

ወንድሜ፣ ምዝገባውን እንዳታቆም። ይሄ ስፖርት ልጆች ዘንድ የተስፋፋው ማንንም ስለማይመልስ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2001 ሰሜን ካሊፎርኒያ ላይ የተማሪዎች ሊግ ሲጀመር፣ በ2009 ደግሞ ናይካ የሚባለው አገር አቀፍ ማኅበር ሲቋቋም፣ ልጆቹን የሳባቸው ትልቁ ነገር የመጣ ሁሉ መወዳደሩ ነው። ተቀያሪ ወንበር የለም። እግር ኳስ ላይ አስራ አንዱ ይሰለፋል፣ የቀረው ቁጭ ብሎ ያያል። እዚህ ግን ፈጣኑም ቀርፋፋውም መስመሩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ቁጥሩ መብዛቱ ጥፋትህ አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ሁሉንም በአንድ ሰዓት በአንድ መንገድ ስትለቃቸው ነው።

እኛም እዚያው ችግር ውስጥ ገብተን ነበር። አሁን ስድስት ስድስት አድርገን እንከፍላቸዋለን። ፊት አንድ አዋቂ፣ ኋላ አንድ አዋቂ፣ በቡድን እና በቡድን መሀል አስር ደቂቃ። ግማሹ ማክሰኞ ይመጣል፣ ግማሹ ሐሙስ። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ጠባቡን መንገድ ለዳገት ብቻ እንጠቀምበታለን፣ ስንመለስ በሰፊው የመኪና መንገድ እንወርዳለን። ልጆቹ መጀመሪያ አኮረፉ፣ ቁልቁለቱን ነው የሚወዱት። በኋላ ለመዱት። ይኸው ዳገቱ ጉልበት ሰጥቷቸው ውድድር ላይ ሲያልፉ ደግሞ እኔንም ረሱኝ።

ሌላው፣ መቁጠር አስተምራቸው። ፊት ያለው ልጅ እግረኛ ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካስፈለገ ይወርዳል፣ ሰላም ይላል፣ "ከኋላዬ አምስት አሉ" ይላል። ቀጣዩ "አራት"። እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው "እኔ የመጨረሻው ነኝ፣ እናመሰግናለን" ብሎ ያልፋል። እግረኛን የሚያበሳጨው አንድ ብስክሌት አይደለም። አለፈ ብሎ ወደ መንገዱ ሲመለስ ሌላው ከች ሲልበት ነው።

የጠዋት_ተራማጅ

ልጄ፣ እኔ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም። 71 ዓመቴ ነው፣ በየቀኑ እንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ እሄዳለሁ። በእግረኛው በኩል ያለውን ልንገርህ።

የሰውየው ዝምታ ንቀት ወይም ቂም አይመስለኝም። ድንጋጤ ነው። በእኛ ዕድሜ መውደቅ ማለት ዳሌ መሰበር ማለት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ጫካ መሄድ የለም። ያን ቀን እሳቸው ቁጥቋጦው ውስጥ ሆነው ያሰቡት ይህንን ይሆናል።

ደወሉን በተመለከተ፣ አብዛኛው ልጅ ከጀርባዬ ሦስት ሜትር ላይ ሲደርስ ነው የሚደውለው። ያ ያስደነብራል እንጂ አያስጠነቅቅም። ከሩቅ ይደወል፣ አሁንም አሁንም ይደወል። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፣ ብስክሌት ደግሞ እንደ ፈረስ ኮቴ የለውም። ከደወል ይልቅ የሰው ድምፅ ብሰማ ይሻለኛል። "ደህና ዋሉ አባባ" ያለኝን ልጅ ልቆጣው አልችልም።

እውነቱን ለመናገር ግን ፊርማው ቢመጣልኝ እኔም እፈርም ይሆናል። ሁልጊዜ እየተገላመጡ መሄድ ያደክማል። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ያለ ስጋት የምሄድበት ይሰጠኝ። ሰውየውንም ፈልጋቸው፣ ልጁንም ይዘኸው ሂድ። እሱም ይህን ነገር ተሸክሞ መዋል የለበትም።

አካፋና_ዶማ

ቀን መከፋፈሉ ላይ ከአባባ ጋር ነኝ። የሚሠራ ነገር ነው። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ሚልክሪክ ካንየን የሚባለው ሸለቆ ላይኛው ክፍል ብስክሌት የሚፈቀደው ተጋማሽ ቁጥር ባላቸው ቀናት ነው፣ 2፣ 4፣ 6 እያለ። በጎዶሎው ቀን ብስክሌት የለም፣ ውሻ ያለ ማሰሪያ ይለቀቃል። እዚያው አሜሪካ የታሆ ሐይቅን የሚዞረው መንገድ፣ የታሆ ሪም ትሬል፣ አንድ ክፍሉም በተጋማሽ ቀን ብቻ ነው ብስክሌት የሚያስገባው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ቀኑን አይቶ ይወስናል፣ ንትርኩ ይቀንሳል።

እኔ መንገድ ጥገና ላይ ስለሆንኩ ስለ አፈሩም ልናገር። ፊርማው ላይ "ብስክሌት መንገዱን አበላሸው" የሚል ቃል እንደሚኖር እገምታለሁ። በ1994 ዊልሰን እና ሴኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሞንታና ውስጥ የፈረስ፣ የእግረኛ፣ የሞተር እና የብስክሌትን ጉዳት አወዳድረው ነበር። እርጥብ መንገድ ላይ ፈረስና እግረኛ ከጎማ የበለጠ አፈር ፈንቅለው ተገኙ። ይሄን ይዤ ግን ልጆቹ ምንም አያጠፉም አልልም። መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ፍሬን ቆልፈው ሲንሸራተቱ መሬቱ ይቦረቦራል፣ ቦዩን ውሃ ይይዘዋል፣ ከሁለት ዝናብ በኋላ ሥር ወጥቶ ታገኘዋለህ። ኩሬ ላለመንካት በጎን ሲያልፉ ደግሞ ቀጭኗ መንገድ ትሰፋለች። ስለዚህ ሁለት ነገር አስጠናቸው፦ ከመታጠፊያው በፊት ቀስ፣ ኩሬውን መሀል ለመሀል። ጎማህ ጭቃው ላይ ምልክት ከተወ ያን ቀን ተመለስ።

መታጠፊያው እንዳይታይ የሚጋርደው ያ ቁጥቋጦ ነው መሰለኝ። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ልጅ በአንድ ሰከንድ 7 ሜትር ይሄዳል። አይቶ፣ ደንግጦ፣ ፍሬን እስኪይዝ ያ ሰከንድ አልቋል። የመንገዱን አስተዳዳሪ አስፈቅዳችሁ ቁጥቋጦውን ቁረጡ፣ ከመታጠፊያው በፊትም በግራና በቀኝ ትልልቅ ድንጋይ አስቀምጡ። መንገድ ሲጠብ ሰው ሳይነገረው ይቀንሳል። ምልክት ብትተክል ግን ማንም ቆሞ አያነብም።

ልጆቹን ራሳቸውን አካፋ አስይዛቸው። አንድ ቀን ሙሉ ቦይ የቆፈረ ልጅ በማግስቱ መጥቶ እዚያ ላይ ጎማ አይቆልፍም፣ እኔ አላየሁም።

አስራ_ስድስት_ዓመቴ

እኔ የምነዳ ልጅ ነኝ፣ ሴት ነኝ። አሰልጣኝ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ትልልቆቹ አላነሱትም። ያቺ ቁልቁለት ስትራቫ ላይ (የነጂዎችን ሰዓት መዝግቦ የሚያወዳድረው የስልክ መተግበሪያ ነው) ሰዓት የምትያዝበት ክፍል መሆን አለመሆኗን አየት አድርግ። ከሆነች ልጆቹ የሚሮጡት ከእግረኛው ጋር ተጣልተው አይደለም፣ ሰንጠረዡ ላይ ከጓደኛቸው ስም በላይ ለመውጣት ነው። እኔም እንደዛ አደርግ ነበር። ሰው ባየሁ ቁጥር ሰዓቴ ተበላሸ ብዬ እናደድ ነበር፣ አሁን ሳስበው ያሳፍራል። ክፍሉን አደገኛ ነው ብለህ ማመልከት ትችላለህ፣ ያኔ ደረጃው ይጠፋል። እና ዳገቱ ላይ ውድድር አድርጉልን። እዚያ ላይ ማንንም አናስደነግጥም፣ ደክሞን በቀስታ ነው የምንሄደው።

ዳገት_ወጪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባባ፣ እርስዎ እንዳሉኝ አደረግኩ። ሰውየውን ለማግኘት ሦስት ጠዋት ፈጀብኝ። ልጁ ራሱ ልምጣ አለኝ። ይቅርታ ሲጠይቃቸው ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ጫማቸውን ነበር የሚያየው። እሳቸው ትከሻውን ይዘው "ምርኩዜን ሮጠህ ያመጣኸው አንተ ነህ አይደል?" አሉት። ሌላ ብዙ አላወራንም። ፊርማውን ግን አልተዉትም፣ ቀን ከተከፈለ እተወዋለሁ አሉኝ። ትክክል ናቸው። ከጎረቤቶቹ ጋር ስንነጋገር ማክሰኞና ሐሙስን ለኛ፣ ቅዳሜ ጠዋትን ሙሉ ለሙሉ ለእግረኛ እናድርግ የሚል ሐሳብ ይዤ እገባለሁ።

የስትራቫው ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ፣ እህቴ። ከላይ ካሉት አስር ስሞች ሰባቱ የኔ ልጆች ናቸው። ትናንት አመለከትኩ።

አካፋና ዶማ፣ ፈቃዱን አግኝተናል፣ እሁድ ከልጆቹ ጋር ቁጥቋጦውን እንቆርጣለን። ድንጋዮቹን ከመታጠፊያው ስንት ሜትር በፊት ላድርጋቸው?

አካፋና_ዶማ

በሜትር አትለካው። መጀመሪያ ቁጥቋጦው ይቆረጥ፣ ከዚያ መንገዱ ላይ ሰው እንዳይኖር አድርገህ አንዱን ልጅ እንደወትሮው አስነዳውና ፍሬን መያዝ የሚጀምርበት ቦታ ላይ እንጨት ትከል። ድንጋዮቹ ከእንጨቱ በላይ ይሁኑ፣ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ፣ ከሩቅ እንዲታዩ። ደግሞ ግማሽ ድረስ ቅበራቸው፣ አለበለዚያ በሳምንቱ አንዱ ገፍቶ ያነሳቸዋል።