የዕቃ ወጪ ማዘዣው ላይ ይጻፍ ወይስ ይመረጥ?

ጥያቄ፦ የመጋዘን ጸሐፊ፣ አዳማ
የምሠራበት የግንባታ ዕቃ መደብር በእጅ ይሞላ የነበረው የዕቃ ወጪ ማዘዣ በኮምፒውተር ተሞልቶ እንዲታተም ወሰነ። ቅጹን በኤክሴል ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በሙከራው ሳምንት ሁሉንም ሳጥን ክፍት ትቼ ሦስቱ ጸሐፊዎች እንደፈለጉ እንዲጽፉ አደረግሁ። አንዱ ደንበኛችን «ኃይሌ»፣ «ሃይሌ» እና «ሀይሌ» ተብሎ ሦስት ሰው ሆነ፤ ዕዳውም ሦስት ቦታ ተበተነ። ስልክ ቁጥሮቹ የፊት ዜሯቸውን አጡ። ሥራ አስኪያጁ «ሁሉም ከዝርዝር ይመረጥ» ብለዋል፤ ነገር ግን ያለን ዕቃ ከአራት መቶ ዓይነት ይበልጣል። ባርኮድ ማንበቢያ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ጡረተኛዋ የሒሳብ ሠራተኛ
ወንድሜ፣ ባርኮዱን ፌሮና አሸዋ ላይ የት ልትለጥፈው ነው? ለቀለምና ለቁልፍ ይሆን ይሆናል።

አራት መቶ ዕቃ በአንድ ዝርዝር አትደርድር። ደንበኛ ፊቷ ቆሞ የሚያጣድፋት ጸሐፊ እጇ የደረሰበትን ትመርጣለች። የተሳሳተ ፊደል ያስታውቃል፤ የተሳሳተ ምርጫ ግን ትክክል መስሎ ይታተማል፣ መጋዘኑም ባለ 12 ሚሊ ፌሮ የጠየቀውን ሰው ባለ 14 ሚሊ ጭኖ ይሸኘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ምድቡ ይመረጥ፤ ፌሮ ከተባለ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 16 ብቻ ይምጣ። ብዛት ይጻፍ። ደንበኛውን በመለያ ቁጥር አስገቡት፣ ስሙን ኮምፒውተሩ ራሱ ያምጣው። የስልኩን ሳጥን የጽሑፍ አድርገው፤ አሥር አኃዝ ካልሞላ አይቀበል።

መልስ፦ ቀን ያስቸገረው
የቀኑን ሳጥን በሦስት ክፈለው፤ ቀንና ዓመት ይጻፉ፣ ወሩ ከዝርዝር በስሙ ይመረጥ፣ አሥራ ሦስቱም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብዬ ስጽፍ ኤክሴል እንደ ቀን አልቆጠረልኝም፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 የለውማ። ይህስ ደግ ነው። ኅዳር 5ን፣ 5/3ን፣ ማርች 5 አድርጎ ጭጭ ብሎ ተቀበለኝ። ያወቅሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

የመጋዘን ጸሐፊ፣ አዳማ
እናመሰግናለን እናታችን። የክፍያው ሳጥን ላይ ሥራ እንዲቀል «በጥሬ ገንዘብ» የሚለውን አስቀድሜ ሞልቼዋለሁ። ጥፋት አለው?

ጡረተኛዋ የሒሳብ ሠራተኛ
አለው እንጂ! እኔ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት እንዲሁ ተደርጎ የወሩ የዱቤ ሽያጭ ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ተመዘገበ። ገንዘብ ያዡ ካዝናውን ደጋግሞ ሲቆጥር ላብ አጠመቀው፣ ምስኪን፣ አንድ ብር አልነካም። ባዶ ተወው፤ ሳይመረጥ አይታተም። ደግሞ ጸሐፊዎቹ ከሌላ ፋይል ቀድተው እንዳይለጥፉ ንገራቸው፤ የሚለጠፈው ነገር አንተ ሳጥኑ ላይ ያኖርከውን ገደብ አጥፍቶ ይገባል።