«ቢጫ ጋዜጠኝነት» ለምን ቢጫ ሆነ?

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ። ጋዜጣ እንዲሸጥ ወሬ ሲጋነን «ቢጫ ጋዜጠኝነት» ሲባል እንሰማለን። ግን ለምን ቢጫ? አንድ ወዳጄ ወረቀቱ ቆይቶ ስለሚወይብ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ከቢጫ ወባ ጋር አያይዤው ነበር።

ፊደል ቆጣሪ፦ ወይቦም ወባም አይደለም፣ ወንድሜ። ቢጫው የአንድ ልጅ ቀሚስ ነው! ሪቻርድ አውትኮልት በኒውዮርኩ «ወርልድ» ጋዜጣ ላይ የሚስለው የድሃ ሰፈር ልጅ ነበር። ራሱ የተላጨ፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ቀሚሱ እግሩ ድረስ የሚወርድ። የሚናገረው ነገር እዚያው ቀሚሱ ላይ ይጻፋል። ሰው አበደለት። «ወርልድ» የጆሴፍ ፑሊትዘር ነው። ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት በ1895 እ.ኤ.አ. «ጆርናል» የተባለውን የዚያው ከተማ ጋዜጣ ገዛና በዓመቱ ሰዓሊውን በገንዘብ አማልሎ ወሰደው። ፑሊትዘር ዝም አላለም። ጆርጅ ሉክስን ቀጥሮ ያንኑ ልጅ ማሳሉን ቀጠለ። አንድ ከተማ፣ ሁለት ቢጫ ልጅ። የጋዜጣውን ዋጋም እንደ ኸርስት ወደ 1 ሳንቲም አወረደ። በ1897 የሌላ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ኧርቪን ዋርድማን ሁለቱንም ሊሰድብ «ቢጫ ጋዜጠኝነት» አለ። ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ።

ጠያቂው፦ እኛ ጋ ሲደርስ ልጁም ቀሚሱም ጠፍተው ቀለሙ ብቻ ቀረ በለኛ! ታዲያ «አሉባልታ» ብንለውስ?

ዝምተኛዋ፦ አይሆንም። አሉባልታ ባለቤት የለውም፤ «አሉ» ነው። ይሄ ባለቤትም ዋጋም አለው። እኔ «ወሬ አራጋቢ» እላለሁ። ክረምት ላይ በቆሎ የምትጠብሰዋን አስቧት። ፍሙ አለ። በካርቶን ቁራጭ ስታራግበው ግን ብልጭታው መንገደኛ ላይ ይበራል። በፌብሩዋሪ 1898 «ሜን» የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ያኔ በስፔን ሥር በነበረችው ኩባ፣ ሃቫና ወደብ ላይ ፈንድቶ ሰጠመ፤ ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ይሄ ፍሙ ነው። መንስኤው ሳይጣራ «ጆርናል» በትልልቅ ፊደል «የጠላት ሥራ ነው» አለ። ይሄ ካርቶኑ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ እቴ፣ ተረታሁ። ብቻ «ከመርከቡ በኋላ የመጣውን የአሜሪካና የስፔን ጦርነት ያስነሱት ሁለቱ ጋዜጦች ናቸው» የሚለውንም ተጠንቀቁት። ኩባ በስፔን ላይ ማመፅ የጀመረችው ቀድሞ በ1895 ነው። ያቺም ወሬ ትንሽ ተራግባለች።

ጠያቂው፦ «አራጋቢ» ይሁንልኝ። ደብተሬ ላይ «ቢጫ»ን በቅንፍ አስቀምጫታለሁ፤ ቀሚሱ አሳዝኖኛል።