«አላውንስ» ሁሉ አበል ነው?

ጠያቂ፦
«አላውንስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ አበል ተብሎ ይተረጎማል። ደመወዝ ላይ ያስኬዳል። ግን ይኸው ቃል በአውሮፕላን ትኬት፣ በልብስ ስፌት መመሪያ፣ በሂሳብ መግለጫና በማሽን ንድፍ ላይም ይመጣል፤ እዚያ አበል ሲባል ዓረፍተ ነገሩ ስሜት አይሰጥም። በየሙያው ምን ይባላል?

ደመወዝ ክፍል፦
አበል ልክ የሚሆነው ከመነሻ ደመወዝ በላይ፣ ለታወቀ ምክንያት፣ በቁርጥ ለሚከፈል ገንዘብ ነው፤ የትራንስፖርት አበል፣ የቤት አበል፣ የኃላፊነት አበል፣ ለመስክ ሥራ ውሎ አበል። ዋናው «በቁርጥ» የሚለው ነው። 3 ቀን መስክ የወጣ ሰው ውሎ አበሉ በ3 ይባዛል እንጂ ምን በላህ ተብሎ አይጠየቅም። በደረሰኝ የሚወራረደው ነዳጅ ግን የወጪ ተመላሽ ነው፣ አበል አይደለም። በተቃራኒው እኛ «የጡረታ አበል» የምንለውን እንግሊዝኛው ፔንሽን ነው የሚለው። ለልጅ በየሳምንቱ የሚሰጠው ደግሞ የኪስ ገንዘብ ነው፤ አበል ካሉት ልጁ ተቀጣሪ ይመስላል።

ሂሳብ ያዥ፦
ከተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ማለትም ደንበኞች ገና ካልከፈሉት ዕዳ፣ ሥር የሚመጣው መጠባበቂያ ነው፤ ሙሉ ስሙ ለአጠራጣሪ ተሰብሳቢዎች የተያዘ መጠባበቂያ። አበል ከተባለ ለሠራተኛ የወጣ ገንዘብ ይመስላል፣ እዚህ ግን ከካዝና የወጣ ነገር የለም። ተሰብሳቢው 100,000 ሆኖ 4,000ው አይመጣም ተብሎ ከተገመተ፣ የአጠራጣሪ ዕዳ ወጪ በ4,000 ዴቢት፣ መጠባበቂያው በ4,000 ክሬዲት ይደረጋል፤ ሁለቱም በዚያ ልክ ያድጋሉ ማለት ነው። የተጣራው 96,000 ነው። በኋላ 1,500 ያለበት ደንበኛ እንደማይከፍል ሲረጋገጥ መጠባበቂያው ዴቢት፣ ተሰብሳቢው ክሬዲት ይሆናል፤ ሁለቱም በ1,500 ይቀንሳሉ። 98,500 ሲቀነስ 2,500፣ ያው 96,000። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ወጪውን ዳግመኛ ይመዘግባሉ። ወጪው ግን ግምቱ በተያዘ ጊዜ ተመዝግቦ አልቋል።

ልብስ ሰፊ፦
እኛ ጋ የስፌት ትርፍ ነው፤ ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጠርዝ ያለው ስፋት። ለቤት ስፌት በሚሸጡ ፓተርኖች (የጨርቅ መቁረጫ ንድፎች) ብዙውን ጊዜ 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ በፋብሪካ ሥራ ወደ 1፣ አንገት ላይ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ፓተርኑ ትርፉን ያካተተ መሆን አለመሆኑን ሳያዩ መቀስ ማንሳት አይገባም። ሁለት የጎን ስፌት ያለው ጉርድ 4 ጠርዝ አለው፤ በየጠርዙ 1.5 ከጎደለ ወገቡ በ6 ሳንቲ ሜትር ይጠባል። አንገት ላይ ደግሞ ጠርዙ ከስፌቱ መስመር ያጥራል፣ ወደ ውስጥ ሲገለበጥም ይወጠርና ይጨማደዳል። ስፌቱ ሳይነካ ትርፉ ላይ በመቀስ ቆረጥ ቆረጥ ማድረግ ነው መፍትሔው።

ቶርኖ፦
ማሽን ላይ ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ በመጨረሻው ማለስለሻ ላይ እንዲላጭ የሚተው ትርፍ ብረት ነው፤ ይህ ከስፌቱ ብዙ አይርቅም። ሁለተኛው በዘንግና በቦኮላ (ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ቀለበት) መካከል ሆን ተብሎ የሚተው ክፍተት ነው። ይኼኛውን ብዙ ሰው ከቶለራንስ ጋር ያምታታዋል። ለምሳሌ ቀዳዳው ከ25.000 እስከ 25.021፣ ዘንጉ ከ24.980 እስከ 24.993 ሚሊ ሜትር ይሁን። የቀዳዳው ቶለራንስ 0.021፣ የዘንጉ 0.013 ነው፤ አንድ ዕቃ ለብቻው ሊዋዥቅ የሚችልበት ወሰን ማለት ነው። አላውንሱ ግን ከጠባቡ ቀዳዳ ወፍራሙ ዘንግ ሲቀነስ የሚቀረው 0.007 ነው። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ዘንጉ በእጅ ላይገባ ይችላል፤ ያኔ በፕሬስ ወይም ቦኮላውን አሙቆ ነው። ስለዚህ ንድፍ ላይ «ትርፍ» ብቻ ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው፤ «የመገጣጠሚያ ክፍተት» ይባል።

ደመወዝ ክፍል፦
ቃሉ ሲመጣ ነገሩ ተሰጠ፣ ተፈቀደ ወይስ ተተወ ብሎ መጠየቅ ይረዳል። የሻንጣው የተፈቀደ ነው፤ «የተፈቀደ ሻንጣ» ይበቃል። ብቻ በኪሎ ነው በፍሬ የሚለው ይለይ። 2 ፍሬ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ሲባል አንድ የ46 ኪሎ ሻንጣ ማለት አይደለም።

ጠያቂ፦
«ለዕድሜው አላውንስ አድርግለት» ዓይነቱስ?

ሂሳብ ያዥ፦
እሱን በስም አትፈልገው፣ በግስ ነው የሚመጣው። «ልጅ ነው ብለህ እለፈው» በል። ለመንገድ መጨናነቅ ከሆነ ደግሞ «መንገዱ ሊጨናነቅ ስለሚችል ቀደም ብለህ ውጣ»።